የተሰፋ እጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ሲበለት ያየ ሰው የቢላውን ፍጥነት ያውቃል። ያ ቢላ ጣት ላይ ሲያርፍ የቆዳው ቁስል ትንሽ ሆኖ ከሥሩ ያለው ጅማትና ነርቭ ግን ሊበጠስ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ወሬው ይጀምራል።

«ነርቩ ከተሰፋ ወር አለፈው፤ ጣቴ አሁንም ድንዝዝ ነው። ቀዶ ጥገናው ከሽፏል።»
በአንድ ወር ይህን ማለት አይቻልም። ከተቆረጠበት በታች ያለው የነርቭ ክር ይሞታል፤ አዲሱ ከላይ ተነሥቶ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ ይወርዳል። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሽ ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ከስፌቱ ዝቅ ብሎ ሲነካ ኤሌክትሪክ እንደያዘው የሚነዝር ከሆነ፣ የሚነዝርበትም ቦታ በየወሩ ወደ ጣት ከወረደ፣ ነርቩ እያደገ ነው። ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው በዚሁ ነው! እስከዚያው የደነዘዘ ጣት የጋለ ጀበና ቢነካ አይሰማውም፤ ቃጠሎው የሚታወቀው ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ነው። ስሜቱ ሲመለስም በአዋቂ ሰው ላይ እንደ ድሮው መሆኑ እምብዛም ነው፤ ልጆች ይሻላሉ።

«ነርቭ ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ እኛም ቀስ ብለን እንታከም።»
ይኸኛው የባሰ ነው። ነርቩን ያጣ ጡንቻ ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈው በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም አይነቃም። ብብት አጠገብ የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ የመዳፍን ትንንሽ ጡንቻዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስባቸውም። ሐኪሞች ደህና ነርቭ ወይም ጅማት ከሌላ ቦታ የሚያዛውሩት ለዚህ ነው።

«ባጃጅ ተገልብጦበት ክንዱ ተሰበረ፤ መዳፉንም ወደ ላይ ማንሳት አቃተው። ነርቩ ተቆርጧል።»
ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው ካልተቀደደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ የተወጠረ ወይም የተጨፈለቀ ነው እንጂ አልተቆረጠም፤ በወራት ውስጥም በራሱ ይመለሳል። ሐኪሙ እየተከታተለ ቢጠብቅ ቸል ብሎ አይደለም።

«ጅማቱ እንዲድን እጁ ንቅንቅ አይበል።»
ቤተሰብ በደግነት እያጎረሰ ጣትን ግትር የሚያደርገው በዚህ እምነት ነው። ያልተንቀሳቀሰ ጅማት ከአካባቢው ሥጋ ጋር ይጣበቃል። በባለሙያ የሚመራው እንቅስቃሴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀመራል፤ እጁ የታሰረበት መደገፊያ ግን 6 ሳምንት ገደማ አይወልቅም። ጣቱ ስለታጠፈ ብቻ ባልዲ የሚያነሳ ሰው ስፌቱን ይበጥሳል፤ ለከባድ ሥራ 12 ሳምንት ያህል መጠበቅ አለበት።

«የተሰበረው አጥንት ከገጠመ በቀዶ ጥገና የገባለት ብረት መውጣት አለበት።»
በአዋቂ ሰው ላይ ካላስቸገረ አይወጣም። ማውጣቱ ራሱ ሌላ ቀዶ ጥገና ነው፤ ክንድ ላይ ደግሞ በብረቱ አጠገብ የሚያልፈውን ነርቭ እንደገና ለጉዳት ያጋልጣል።