«ጊዜው ሲደርስ ይጸናል» እና ስለ ልፍስፍስ ሕፃናት የሚባሉ ሌሎች ነገሮች

ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት ሐኪሙ ሆዷን በመዳፉ ላይ አስተኝቶ ወደ ላይ አነሳት። ራሷም፣ እጇም፣ እግሯም ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ነጠላ። ቀጥሎ በብብቷ ይዞ ሲያቆማት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሸሸና ከእጁ ሙልጭ ብላ ልትወርድ ደረሰች። «እቤትም እንዲህ ነው የምታደርጋችሁ?» አለን። አዎ፣ እንዲሁ ነበር የምታደርገን። እኛ ግን «ለስላሳ ልጅ» እያልን እንስማት ነበር። በሕክምናው ሃይፖቶኒያ ይሉታል፤ የጡንቻ ውጥረት ማነስ ማለት ነው።

ዛሬ አራት ዓመቷ ነው። እስከዚህ ድረስ ከዘመድም ከጎረቤትም ያልሰማሁት ምክር የለም። አብዛኛው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከፍቅር መምጣቱ ግን ትክክል አያደርገውም። አንዳንዱን ሰምቼ ጊዜ አጥፍቻለሁ። እናንተ እንዳታጠፉ ነው የምጽፈው።

«ሰነፍ ናት፤ ጊዜው ሲደርስ ትሄዳለች»

አማቴ «አባቷም በሁለት ዓመቱ ነው የሄደው፣ አይዞሽ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ልጆች ሁሉ በአንድ ወር እንደማይሄዱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን አስከትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ አለ። በዚያ መሠረት ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ያለ ድጋፍ መራመድ ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ድረስ ይሰፋል። ከመቶ አራቱ ያህል ጭራሽ ሳይድሁ ነው የሄዱት። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ድክ ድክ ስላለ የእናንተው ዘገየ ማለት አይደለም።

ግን ያ ስፋት ዳርቻ አለው። በአራት ወር አንገቱን ያልቻለ፣ ዘጠኝ ወር አልፎት ያልተቀመጠ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ያልተራመደ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ የቀደመበትን ጊዜ ቀንሱለት፤ ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው የሚጠበቅበት የአራት ወር ልጅ ነገር ነው።

«ሰነፍ» የሚለው ቃል ዛሬም ያመኛል። ሕፃን አይሰንፍም። አንገቷን ለአምስት ሰከንድ ቀና ለማድረግ ግንባሯ ላብ እስኪያወጣ ስትታገል አይቻታለሁ።

ልስላሴ እንደ ትኩሳት ነው። ራሱ በሽታ አይደለም፣ ከኋላው ያለውን ፈልጉ የሚል ምልክት ነው። ከኋላው ዳውን ሲንድረም (በአንድ ትርፍ ክሮሞዞም የሚመጣ)፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ሲወለድ መታፈን፣ በጊዜ ያልታከመ የአራስ ቢጫነት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ)፣ ወይም የነርቭና የጡንቻ ሕመም ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጊዜ አይሰጡም። ታይሮይዱ ያነሰ ሕፃን በየቀኑ የምትሰጥ አንዲት እንክብል ነው የሚያስፈልገው፤ የምታድነው ግን አንጎሉን ነው፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረች። ኤስኤምኤ ለሚባለው የነርቭ ሕመምም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መድኃኒት ተገኝቷል። በጣም ውድ ነው፤ የሚረዳውም ነርቮቹ ሳይሞቱ ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ሕፃናት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስላለባቸው የልብ አልትራሳውንድ ሳይውል ሳያድር መነሣት አለበት። «ቆይ፣ ይጸናል» ማለት ይህን ሁሉ በር መዝጋት ነው።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን የምትሄዱባቸው ደግሞ አሉ። ትችለው የነበረውን ነገር ስትተው፣ ስትጠባ ቶሎ ደክሟት ላብ ሲያሰምጣት፣ ለቅሶዋ ሲሳሳ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ሲያንቀጠቅጣት።

የእኛ ምርመራ ምክንያቱን አላገኘውም። ያም ሆኖ ከንቱ አልነበረም፤ የሚታከሙት ሁሉ አንድ በአንድ ተፈልገው እንደሌሉባት ስላወቅን እንቅልፍ አገኘን።

«አካሏ ካልጸና አእምሮዋም አይሠራም»

ክራር አስቡ። ጅማቱ ቢረግብ ተበጠሰ ማለት አይደለም፤ ድምፅ ለማውጣት ግን ብዙ ይለፋል። የጡንቻ ውጥረትም እንደዚያ ነው፤ ጡንቻ ሥራ ሳይጀምር በእረፍቱ ላይ ያለው ዝግጁነት። ጉልበት ሌላ ነገር ነው። ከዝቅተኛ ውጥረት ጋር ጉልበትም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፣ የማያንሳቸውም አሉ። በኤስኤምኤ የታመሙ ልጆች እግራቸውን ማንሣት አቅቷቸው ዓይናቸውና አእምሯቸው ግን እንደ እሳት የነቃ ነው። የማሰብ ዕድገታቸውም አብሮ የሚዘገይ ልጆች እንዳሉ አልክድም። ያ ግን በሰውነት ልስላሴ አይለካም።

ሰዎችን ያሳሳታቸው የልጄ ፊት ነው። የፊት ጡንቻም ጡንቻ ነውና ፈገግታዋ ዘግይቶ ይመጣል። ሰው «ቡችዬ» ብሎ ይጠራታል፣ ዝም ትላለች፣ ፊቱን ሲያዞር ትስቃለች። ለማንም የምነግረው፣ ተናግረህ ጠብቃት ነው። በልብህ እስከ አሥር ቁጠር።

«ብዙ ብትበላ ትጠነክር ነበር»

በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ልጅ የሚሞትበት ይህ ነውና።

ልስላሴው አፍ ውስጥም አለ። ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ምላስ፣ ጉሮሮ ሁሉም ጡንቻ ነው። ልጄ ስትጠባ ወተቱ በከንፈሯ ጥግ ይንጠባጠብ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሳትቆይ ደክሟት ትተኛለች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ርቧት ትነቃለች። «ወተትሽ ቀጥኖ ነው» ተባልኩ። ወተቴ ደህና ነበር። አንዲት ነርስ ጡቴን በመዳፌ ይዤ በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ ጉንጮቿን፣ በመሐከላቸው ባለው የእጄ ጥግ ደግሞ አገጯን እንድደግፍ አሳየችኝ። ራሷን ከሰውነቷ ከፍ አድርጌ፣ ሳትለቅስ በፊት እየቀሰቀስኩ፣ ቶሎ ቶሎ አጠባኋት። ክብደቷን በየሳምንቱ አስመዘንኩ። በሚቀጥለው ወር ልብሷ ጠበባት።

አሁን ስለ መጋት። ሕፃንን ጭን ላይ አጋድሞ፣ በመዳፍ አጥሚት ወይም አብሽ አፉ ላይ አፍስሶ፣ ሲያለቅስ እንዲውጥ ማድረግ ለጤነኛ ልጅም አደገኛ ነው። ልፍስፍስ ልጅ ላይ ግን ምግቡ ወደ ሳንባ የመግባቱ ዕድል እጅግ ከፍ ይላል። ለአራስ ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ነው። ቅቤ ወደ ሳንባ ሲገባ ሳል እንኳ ላያስነሣ ይችላል፤ ዝም ብሎ ገብቶ ሳንባውን ያቆስላል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል።

ምግብ ስትጀምሩ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧት፤ ወገቧ ይደገፍ፣ እግሯ የሚረግጠው ይኑረው፣ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ዘንበል ይበል። ራሷ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ የአየር ቧንቧው ይከፈታል። ብዙ ጊዜ ቀጭኑ አጥሚት ነው የሚያስቸግረው፤ ፈጥኖ ስለሚወርድ ጉሮሮዋ አይደርስበትም። ወፈር ያለ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ይሻላል። ስትበላ የምታስል፣ ዓይኗ እንባ የሚያቀርር፣ ከበላች በኋላ ድምጿ እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ፣ ወይም የሳንባ ምች የሚመላለስባት ከሆነ አዋዋጧ ይታይላት። የሆድ ድርቀትም ከዚሁ ልስላሴ ጋር ይመጣልና አትናቁት።

«በደንብ አልታሸችም»

ማሸት ልጅን ያረጋጋል፣ እናትንም። እኔም አሻት ነበር። ልስላሴውን ግን አይፈውስም። የምፈራው መሳቡን ነው፤ እጅና እግር መጎተት፣ በቁርጭምጭሚት ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠል። የእነዚህ ልጆች መገጣጠሚያ ልል ነው፤ በቀላሉ ይወልቃል። ዳውን ሲንድረም ካለ ደግሞ የአንገት አጥንቶቹም ሊልሉ ስለሚችሉ አንገት ማጠፍና መንቀጥቀጥ ጨርሶ አይገባም።

«ፀሐይ ብትሞቅ ይበቃታል»

ይኼኛው በከፊል እውነት ነው። አገራችን በፀሐይ የታደለች ሆና ሳለች ሪኬትስ አለባት፤ ልጆች ብርድና የሰው ዓይን እየተፈራ ቤት ተሸፍነው ስለሚያድጉ። የቫይታሚን ዲ እጥረት ጡንቻንም አጥንትንም ያለሰልሳል፤ ልጁ መሄድ ይዘገያል፣ የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ እግሩ ይጎብጣል። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ አይጠቅመውም፤ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል።

ግን ሪኬትስ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው በሐኪም የታዘዘ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ነው፤ ሪኬትስ የሌለበት ልፍስፍስ ልጅ ደግሞ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ውጥረቱ አይለወጥም። የትኛው እንደሆነ የደም ምርመራና የአንጓ ራጅ ይለያል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

«እርግማን ነው፣ የእናትየዋ ጥፋት ነው»

ከዘር ቅንጣት ለውጥ የሚመጣው ብዙው ማንም ሳያውቀው፣ ፅንሱ ሲጀምር ወይም ከዚያ በፊት በአጋጣሚ የሚሆን ነው። ዳውን ሲንድረም ከ700 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል፤ በሀብታምም በድሃም፣ በጿሚም በማይጾምም ቤት። እርጉዝ ሳለሁ የደነገጥኩትን፣ የተሸከምኩትን ጀሪካን፣ ያልበላሁትን ሁሉ ስቆጥር ከርሜያለሁ። የትኛውም አይደለም።

ፀበል እንወስዳታለን፤ ቤተሰባችን አማኝ ነው። ፀበል ቦታ ያገኘኋት አንዲት እናት ግን የልጇን የሚጥል በሽታ መድኃኒት «እምነት ጎደለሽ» ተብላ ጥላዋለች። ያ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል። ብዙ ካህናትም ይህንኑ ይላሉ።

«ፊዚዮቴራፒ በሳምንት አንዴ እንወስዳታለን»

ጥሩ ነው፣ ውሰዷት። እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች የሕፃናት ነርቭ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒ አላቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ነገር ግን ያ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቀሪው ሰዓት ሁሉ የእናንተ ነው። ባለሙያዋ ለእኛ ያደረገችልን ትልቁ ነገር ልጄን ማንቀሳቀሷ ሳይሆን እኔን ማስተማሯ ነው።

በብብቷ ማንሣት ተውኩ። ወደ ጎን አገላብጬ፣ አንድ እጄን ከቂጧ ሥር፣ አንዱን ከትከሻዋ ጀርባ አድርጌ አነሣታለሁ፤ እንዲህ ስትነሣ አንገቷ ራሱ ይሠራል። ነቅታ ሳለች በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለደቂቃ ለሁለት ደቂቃ፣ በሆዷ አስተኛታለሁ፤ መጀመሪያ ደረቴ ላይ፣ በኋላ የተጠቀለለ ፎጣ ከደረቷ ሥር አድርጌ። ቡና ሲፈላ የረከቦቱ ስኒ ሲንኳኳ ለማየት አንገቷን ቀና ታደርግ ነበር፤ ከገዛንላት መጫወቻ ሁሉ ያ በለጠ። እንቅልፍ ሲሆን ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ። ስትጋደም እግሯ እንደ እንቁራሪት ተበልቅጦ እንዳይቀር ከጭኗ ውጪ በሁለቱም በኩል ጨርቅ አስደግፍላት ነበር። አንገቷን ከቻለች በኋላ ማዘልም ጥሩ ነው፤ እግሯ ወገቤን አቅፎ ስለሚቀመጥ ለዳሌዋ ይጠቅማል።

«ቋንቋ ቀላቅላችሁባት ነው አልናገር ያለችው»

ይህ ይበልጥ ውጭ ላላችሁ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት መናገርን አያዘገይም፤ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆችም ሁለት ቋንቋ ይለምዳሉ። አማርኛችሁን አትንፈጓቸው። አሜሪካ ከሆናችሁ ደግሞ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለው አገልግሎት አለ፤ ምርመራው በነፃ ነው፣ የሐኪም ደብዳቤ ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ ደውሎ ያስመዘግባል፣ ከዚያ በ45 ቀን ውስጥ የእርዳታው ዕቅድ መውጣት አለበት። እስራኤል ያላችሁ ቲፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ስትሄዱ የልጅ ዕድገት ማዕከል እንዲልኳችሁ ጠይቁ።

«ዎከር ግዢላት»

አትግዙ። ዎከር፣ ሕፃኑ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ የሚገፋው ባለ ጎማ መሄጃ፣ ልጅን ተንጠልጥሎ በእግር ጣቱ መግፋት ያስለምደዋል እንጂ ሚዛን አያስተምረውም፤ ደረጃና የከሰል ምድጃ ላይም ይዞት ይሄዳል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ከገበያ አግዳዋለች።

የልጄ ዎከር የእማማ በርጩማ ነበር። ይዛው ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ ደግማ ትይዘዋለች። ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ስለሚወድቅ ተረከዙ ጠንከር ያለ ጫማ አደረግንላት። ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ላይ አንድ ቀን በርጩማውን ለቀቀችና እስከ ምጣዱ ቤት በር ድረስ ስድስት እርምጃ ሄደች። አማቴ «አላልኩሽም? ጊዜው ደረሰ» አሉኝ። አቅፌ ሳምኳቸው፤ ያን ጠዋትም ልጄ እንደ ልማዷ ለልምምድ ፎጣዋ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር።