ፕራይመር፦ ሚኒየቸር ላይ ከቀለም በፊት የምትቀባዋ ስስ ሽፋን

ፕራይመር የሚባለው ሚኒየቸር ላይ፣ ማለትም እነዚህ ከ28 እስከ 32 ሚሊሜትር የሚሆኑ የጨዋታ ወታደሮችና ጭራቆች ላይ፣ ወይም የታንክና የአውሮፕላን ሞዴል ላይ ዋናው ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚደረግ ስስ ሽፋን ነው። ስራው ቀለሙን ይዞ ማስቀረት ነው በቃ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው፣ አክሪሊክ ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይሰበሰባል፣ እንደምንም ቢደርቅ እንኳ በጥፍር ጫር ስታረጉት ተልጦ ይመጣል። ድሮ ኢናሜል የሚባለው የዘይት ቀለም በሚቀባበት ጊዜ ቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ራሱ ፕላስቲኩን ነከስ ስለሚያደርገው ያለ ፕራይመር የሚቀቡም ነበሩ፣ አሁን ግን ቢዘሉት ዋጋ ያስከፍላል፣ በተለይ በእጅ እየተነሳ ለሚጫወቱበት ነገር።

ገራዥ ቆሞ መኪና ሲቀባ ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፣ ስቱኮ ይመታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ፕራይመር ይረጫል፣ ቀለም ከዛ በኋላ ነው። የኛ የጥንት ሰዓሊዎችም ቢሆኑ እንጨት ላይ ዝም ብለው አይስሉም ነበር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮንና የሱን መንገድ የተከተሉት ሥዕላቸውን የሚያሳርፉት መጀመሪያ ጄሶ በተቀባ እንጨት ላይ ነው። በነገራችን ላይ አሁንም የሰዓሊ ጄሶን ሚኒየቸር ላይ የሚቀቡ አሉ፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ያን ያህል ዝርዝር አይደፍንም ይላሉ፣ እኔ ግን ለዚህ የተሰራ ነገር እያለ ለምን እንደሚለፉ አይገባኝም።

ከፕራይመሩ በፊት ደግሞ ጽዳት አለ። ፕላስቲኩ ከፎርማ ሲወጣ ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል፣ እሱን በካተር ጀርባ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ፎርማ ውስጥ ተጨምሮ የሚጠነክረው አይነት፣ ከሆነ ከፎርማው እንዳይጣበቅ የተቀባው ቅባት ላዩ ላይ ስለሚቀር ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መታጠብ አለበት። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ በፈላ ውሃ ካጠባችሁት ሰይፉም ጦሩም ተጣሞ ይቀራል። ከዛ አድሮ ይድረቅ። ዕቃውን በእጅ ይዞ መርጨት ስለማይቻል የጠርሙስ ቡሽ ወይ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ላይ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ያልተገጣጠሙ ትንንሽ ክንዶች ደግሞ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ።

አይነቱ ሲቆጠር ብዙ ነው፣ በአቀባብ ግን ሶስት ነው፦ በቆርቆሮ የሚረጭ ስፕሬይ፣ በኤርብራሽ፣ ማለትም በኮምፕሬሰር አየር ቀለም በምትረጭ እስክሪብቶ መሳይ መሳሪያ፣ የሚነፋ፣ በብሩሽ የሚቀባ። ስፕሬዩ ባብዛኛው ኬሚካል ማቅጠኛ ያለበት ስለሆነ ፕላስቲኩን አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። የጃፓኑ ታሚያ የሚያወጣው ፋይን ሰርፌስ ፕራይመር በጣም ስስ ሆኖ ነው የሚተኛው፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ የዝገት ቀይ አልፎም ሮዝ አለው። ሌላው የጃፓን ድርጅት ጂኤስአይ ክሬኦስ ሚስተር ሰርፌሰር የሚለውን በቁጥር ነው የሚሸጠው፣ 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500፣ ቁጥሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር እየላመ ይሄዳል፣ 500ው ወፍራም ስለሆነ ጭረት ለመድፈን ይሆናል እንጂ የሰው ፊት ላይ አይደረግም። እንግሊዝ ኖቲንግሃም ያለው ጌምስ ወርክሾፕ ሲታደል በሚለው ስሙ በትልልቅ ቆርቆሮ ያወጣል፣ የዴንማርኩ አርሚ ፔይንተር ደግሞ ከሚሸጣቸው ቀለሞች ጋር የሚመሳሰሉ ባለቀለም ስፕሬዮች አሉት፣ ሰላሳ አርባ ወታደር ባንዴ ለሚቀባ ሰው ግልግል ነው። የመኪና ፕራይመርም የሚጠቀሙ አሉ፣ ይረክሳል ደግሞም ይይዛል፣ ግን አንዳንዱ ማቅጠኛው በጣም ሀይለኛ ስለሆነ ስሱን ፕላስቲክ ይበላዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሞዴሉ ተቆርጦ የወጣበት ትርፍራፊ ፍሬም ላይ ይሞከር።

በውሃ የሚሰራው ወገን ላይ ቫዬሆ ይታወቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ኒው ጀርዚ ተመስርቶ በ1969 ወደ ስፔን የዞረ ድርጅት ነው። የሱ ፕራይመር አክሪሊክ ፖሊዩረቴን ነው፣ ሽታው ቀላል ስለሆነ ቤት ውስጥ ይሰራል፣ በኤርብራሽም በብሩሽም ይሄዳል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ሲደርቅ እንደ ስስ ላስቲክ ነው የሚሆነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍግህ ካላችሁት ዱቄት በመሆን ፈንታ እንደ ቆዳ ተገፎ ይነሳል። አንድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ ካልተውት ደግሞ አይጠነክርም። ላዩ በአስር ደቂቃ የደረቀ ስለሚመስል ነው ሰው የሚታለለው።

አሁን ዋናው ነገር። የትኛው ብራንድ ይሻላል እያለ የሚከራከረው ሰው ብዛት አይጣል ነው፣ እኔ ግን ተበላሽቶ ያየሁት ሞዴል አብዛኛው የተበላሸው በአየሩና በችኮላ ነው። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ ሐምሌ ላይ አየሩ እርጥብ ፎጣ ፊታችሁ ላይ የተጣለ ነው የሚመስለው። አንድ ቅዳሜ ማታ ለልጄ ነገ እንቀባቸዋለን ብዬ ቃል ስለገባሁ አምስት ወታደር በረንዳ ላይ ደርድሬ ነጭ ስፕሬይ ረጨሁባቸው፣ ያውም ራቅ ብዬ፣ እንዳይወፍር ብዬ። ጠዋት ሳያቸው ስኳር የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት። የአንዱን ትከሻ በጣቴ ስነካው ይሻክራል፣ አይኑ የነበረበት ቦታ ተደፍኖ ትንሽ እብጠት ሆኗል። ልጄ አይታ አይታ «በረዶ ዘንቦባቸው ነው?» አለችኝ። የሆነው ምንድነው፣ ከርቀት ሲረጭና ሲሞቅ ጠብታዋ መንገድ ላይ ትደርቅና ሞዴሉ ላይ የምታርፈው አቧራ ሆና ነው፣ እርጥበቱ ሲጨመርበት ደግሞ ላዩ ይብስ ይሻክራል።

ስለዚህ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ደረቅ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ዝናብ ካለ መተው ነው። ብርድ ከሆነ ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይረዳል፣ የፈላ ውሃና ምድጃ ግን አይታሰብም፣ ይፈነዳል። ውስጡ ያለችው ኳስ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ መነቅነቅ፣ ይቺን ሰው ሁሉ ያሳጥራታል። ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ መርጨት የሚጀመረው ከሞዴሉ ጎን ባዶ አየር ላይ ነው፣ በላዩ አሳልፎ በሌላው ጎን ባዶ ላይ ይለቀቃል፣ ምክንያቱም አፍንጫው ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚተፋው። እያዞሩ፣ እያስተኙም ከስር፣ አጭር አጭር አድርጎ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ፕላስቲኩ ትንሽ ቢታይ ምንም አይደለም፣ ደርቆ ሁለተኛ ይደገማል፣ እዚች ጋ ደግሞ ትንሽ ልጨምር ሲባል ነው የሰንሰለት ልብሱ ቀለበቶች ተደፍነው ልሙጥ ሸሚዝ የሚሆኑት። ሲጨረስ ቆርቆሮውን ዘቅዝቆ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ መጫን፣ አለዚያ አፍንጫው ደርቆ ለሚቀጥለው አይሰራም። ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ውጪ ወይ መስኮት ተከፍቶ፣ የካርቦን ፊልተር ባለው ማስክ፣ የጨርቅ ማስክ ሽታውን አያግድም። ጋዙም ተቀጣጣይ ስለሆነ ቡና እየፈላ ከሰል በተቀጣጠለበት በረንዳ ላይ እንዳትሞክሩት።

ኤርብራሽ ያለው ሰው የአየሩ ጣጣ ብዙም አያስቸግረውም፣ 0.3 ወይ 0.5 ሚሊሜትር መርፌ፣ የአየር ግፊቱን ከ20 እስከ 25 ፒኤስአይ (ኮምፕሬሰሩ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) አድርጎ ክረምት በጋ ሳይል ቤቱ ይሰራል፣ ማስኩ ግን ለሱም አይቀርለትም፣ ኮምፕሬሰሩም ወጪ ነው። በብሩሽ ደግሞ ቀስ ብሎ ሁለት ስስ ዙር፣ ግማሽ የደረቀበት ቦታ ላይ ሳይመለሱ። ብሩሹን ወዲያው ማጠብ ነው፣ ከደረቀበት በኋላ መጣል ነው እጣው።

ቀለሙ ምን ይሁን ለሚለው፣ ጥቁር ብሩሽ ያልደረሰበትን ጉድጓድ ሁሉ ጥላ አስመስሎ ይደብቃል፣ ለጦር ልብስና ለብረት ይሆናል፣ ግን ቢጫና ቀይ ላዩ ላይ ሞተው ነው የሚቀሩት። ነጭ ቀለሙን ያበራዋል ግን የሳታችሁትን ሁሉ ያጋልጣል። ግራጫው መሀል ሰፋሪ ነው፣ ያልተፋቀ የፎርማ መስመር ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ጀማሪ በሱ ቢጀምር እላለሁ። ለቢጫ ከስር ሮዝ የሚቀቡ አሉ፣ ስቄባቸው ነበር፣ ሞክሬ አየሁት፣ እውነታቸውን ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ክሮም የሚፈልግ ደግሞ ከስሩ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ያስፈልገዋል። ዜኒታል የሚባለው ዘዴ ላይ መጀመሪያ ሁሉም ጥቁር ይሆንና ነጩ ከላይ ብቻ አዘንብሎ ይረጫል፣ ልክ የቀትር ፀሐይ ከላይ እንደወረደችበት፣ ቆቡና ትከሻው ይነጣል፣ ብብቱና ካባው ስር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታደል ኮንትራስት የሚላቸውን ብርሃን አሳላፊ ቀለሞች ካወጣ ወዲህ ነጣ ያለ ፕራይመር በጣም ተፈላጊ ሆነ፣ እነዚህ ቀለሞች ጥቁር ላይ ምንም ስለማይታዩ ነው፣ ለነሱም ብሎ ሬዝቦንና ግሬይ ሲር የሚባሉ ሁለት ስፕሬዮች አብሮ አውጥቷል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ስፕሬይ እንዲያመጣላችሁ የምታስቡ ካላችሁ አይሆንም፣ የቀለም ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም የተከለከለ ነው። በውሃ የሚሰራው የጠርሙሱ ግን የሚቀጣጠል ስላልሆነ በትልቁ ሻንጣ ሊመጣ ይችላል፣ ክዳኑን በፕላስተር ጥቅልል አድርጎ በፌስታል መቋጠር ነው።

የኔን አምስት ወታደሮች ታሪክ ልጨርስ፦ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ጨምሬ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ አሳደርኳቸው፣ በማግስቱ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍጋቸው ስኳሩ እየተላጠ ወጣ። ፕላስቲኩ አልተነካም። አሴቶን ቢሆን ኖሮ ወታደሮቹ ራሳቸው ቀልጠው ሙጫ ይሆኑ ነበር፣ ሬዚን ደግሞ አንዳንዱ አልኮሉም ያለሰልሰዋል፣ ስለዚህ ከመሰረቱ ስር ትንሽ ነክቶ ማየት ነው። ልጄ የጠበቀችው መስከረም ድረስ ነው፣ ግራጫ ረጨንባቸው።