ሱስዋ ላይ የሚገናኙ ሁለት የመብራት መስመሮች

ከናይሮቢ በስተምዕራብ ሱስዋ የሚባል ቦታ ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አለ። ከሰሜን የሚመጡ ሁለት ረጃጅም መስመሮች እዚያ ያርፋሉ። አንዱ ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ የነፋስ ኃይል ያመጣል። ሌላው ከኢትዮጵያ፣ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከውሃ የመነጨ ኃይል ያመጣል። የታዳሽ ኃይል ማስተላለፊያ የት ላይ እንደሚያዋጣና የት ላይ እንደሚያከስር ለማየት ሁለቱን ማስተያየት ይበቃል።

የናፍጣ ጄኔሬተር ከተማ ውስጥ ይተከላል። ነፋስና ወንዝ ግን ያሉት ባሉበት ነው። ስለዚህ መስመር የግድ ነው። ገንዘቡ ደግሞ የሚወጣው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳን ከመሸጡ በፊት ነው። ኃይል አለፈ አላለፈ ወለዱ ይቆጥራል።

የቱርካናው ጣቢያ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አለቁ። 430 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ግን አልደረሰም። ወሰን ማስከበሩ አስቸግሮ ነበር፤ የስፔኑ ተቋራጭ ኢሶሉክስ ኮርሳንም ከሰረ። ሥራው ለቻይና ኩባንያዎች ተላልፎ ኃይሉ ከብሔራዊው ቋት የገባው በ2018 ነው። ታዲያ ውሉ አንድ ነገር ይላል፦ መስመሩ ከዘገየ፣ ሊመረት ይችል የነበረው ኃይል ይከፈልበታል። ኬንያውያን ላላበሩት መብራት በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ከፈሉ።

የሶዶው ታሪክ ተቃራኒ ነው። እዚህ መስመሩ አለ፣ የሚያልፍበት ኃይል ግን ትንሽ ነው። ርዝመቱ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት፣ ወጪው ወደ 1.26 ቢሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛውን ገንዘብ ያቀረቡት የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክና የፈረንሳይ ልማት ድርጅት ናቸው። ኢትዮጵያ ለኬንያ መሸጥ በ2022 መጨረሻ ስትጀምር ውሉ ለ25 ዓመት ነበር፦ ለሦስት ዓመት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ 400። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እስቲ እናስላው። 200 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢላክ 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገኛል። ከዚያ ላይ ኃይሉን የሚያመነጨው ግድብም ወጪ ይነሳል። በ200 ሜጋ ዋት ግን የመስመሩ ዘጠኝ አሥረኛ ሥራ ይፈታል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ሰፍቶ ተሠራ? ምክንያቱም አቅምን በእጥፍ ማሳደግ ወጪውን በእጥፍ አያሳድገውም። ከዓመታት በኋላ አጠገቡ ሌላ መስመር መዘርጋት ነው ኪስ የሚያራቁተው። እንደኔ ውሳኔው ትክክል ነው፣ ገበያው ከመጣ።

መስመሩ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ የሆነውም በሂሳብ ነው። ቤታችን ከሚገባው ከኤሲ ይልቅ ረጅም መንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ያንሳል፣ ሽቦውና ምሰሶውም በኪሎ ሜትር ይረክሳል። ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይሩት በሁለቱ ጫፍ የሚቆሙ ኮንቨርተር ጣቢያዎች ግን ውድ ናቸው። ስለዚህ የሚያዋጣው በመቶዎች ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣትም ሌላ ኮንቨርተር ይፈልጋል። ቦረና ላይ ምሰሶው በደጃቸው አልፎ መብራት የሌላቸው ሰዎች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። እነሱን የሚያበራው ሌላ፣ አነስ ያለ መስመር ነው፤ እሱም የራሱን በጀት ይፈልጋል።

ባዶውን ቦታ የሚሞላ ተጨማሪ ገዢ ያስፈልጋል። ኬንያ ከታንዛኒያ ጋር በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ተያይዛለች። ታንዛኒያ በዚህ በኩል ከኢትዮጵያ ብትገዛ፣ ኬንያ የማሳለፊያ ኪራይ ታገኛለች፤ የሶዶው መስመር ዕዳም በብዙ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ይከፋፈላል።