ኮላም ላይ «ከ7 እስከ 1» ሲባል ምን ማለት ነው?

የደቡብ ሕንዷ ግዛት የታሚል ናዱ ሴቶች ጠዋት ደጃፋቸውን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው በሩዝ ዱቄት የሚሥሉትን ኮላም ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ልሞክረው ካላችሁ፣ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባችሁ ከሥዕሉ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው። አንዱ «ከ7 እስከ 1፣ ኔር ፑሊ» ይላል። ሌላው «ከ7 እስከ 4፣ ኢዱኩ ፑሊ»።

እንዲህ ያለው ኮላም የሚሣለው አስቀድመው በረድፍ በሚደረደሩ ነጥቦች ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የመሃለኛው፣ ማለትም የረጅሙ ረድፍ ነጥብ ብዛት ነው። ሁለተኛው ማቆሚያው። በስንት በስንት እንደምትቀንሱ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው የነጥቦቹ አደራደር ስም ነው የሚነግራችሁ።

ኔር ፑሊ ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ከሌላው ነጥብ ልክ ትይዩ ይቀመጥና ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ይጎድላል። 7፣ 5፣ 3፣ 1። ከመሃል ወደ ላይም ወደ ታችም እንደዚሁ ስትሄዱ 25 ነጥብ ያለው ዳይመንድ ይወጣላችኋል። ኢዱኩ ፑሊ ከሆነ ደግሞ ነጥቡ የሚያርፈው በሁለት ነጥቦች መሃል ባለው ክፍተት ትይዩ ስለሆነ የሚቀንሰው አንድ ብቻ ነው፦ 7፣ 6፣ 5፣ 4። ድምሩ 37፣ ቅርጹ ባለ ስድስት ጎን። ሁለቱን ካምታታችሁ መስመሩ አልገጥም ይላል፣ ዱቄቱም በከንቱ ይሄዳል።

ጥምዝምዙ ሲኩ ኮላም ላይ መስመሩ ነጥቡን አይነካም፤ ዙሪያውን ዞሮ ወደተነሳበት ይመለሳል። ራንጎሊ የሚባለው ባለቀለም የወለል ሥዕል ብዙ ጊዜ ያለ ነጥብ በነጻ እጅ ስለሚሠራ እዚያ ላይ ይህን ቁጥር አትፈልጉ።