የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች በሳይንስ ፖሊሲ ረቂቅ ላይ የሚሰጡት አስተያየት፦ ከጣና ዳር ሲታይ

የምርምር ገንዘብ ሰጪዎችን ለአስተያየት መጋበዝ፣ ብሔራዊ የሳይንስ ፖሊሲ ከመጽደቁ በፊት የሚካሄደው ምክክር አንዱ ክፍል ነው። ገንዘብ ሰጪ የሚባሉት በጀት የሚለቁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የውጭ የልማት ድርጅቶች፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተመሠረቱ የትብብር ፕሮግራሞችና ለመምህራኖቻቸው ምርምር የሚመድቡ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

የአገሪቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ ፖሊሲ በ1986 ወጣ። የ2004ቱ ፖሊሲ ደግሞ መንግሥት በየዓመቱ ከአገር ውስጥ ጥቅል ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ ለዘርፉ እንዲመድብ ይላል። ገንዘብ ሰጪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው በዚህ አኃዝ ላይ ነው፦ የውጭ እርዳታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ደመወዝስ?

ባሕር ዳር በውጭ ገንዘብ ለሚሠራ ትምህርትና ምርምር ባዕድ አይደለችም። በ1955 የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የቆመ ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛውም በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተመሥርቷል። ሁለቱ በ1992 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በጣና ባርበስ ዓሣዎች ላይ በ1980ዎቹ የተካሄደው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ምርምር የቆመው በኔዘርላንድስ ገንዘብ ነበር። የሐይቁ ባርበሶች በሳይንስ ዓለም የታወቁት በዋነኛነት በዚህና በመሰል ሥራዎች ነው።

የአስተያየቱ ዋጋ የሚለካው በዝርዝሩ ነው። የበጀት ዓመትን እንውሰድ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። አዲሱ ሐምሌ 1 ቢጀምርም፣ እስኪደለደልና ግዥ እስኪፈቀድ ሳምንታት ያልፋሉ። ባርበሶቹ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች የሚወጡት በክረምት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም ነው። የጀልባ ነዳጅና መረብ የሚገዛበት ገንዘብ በጥቅምት ከደረሰ ዓሣው ተመልሶ ሐይቅ ገብቷል፤ ቀጣዩ ዕድል ከዓመት በኋላ ነው። «የምርምር ገንዘብ ወደ ቀጣዩ በጀት ዓመት ይሻገር» የምትል አንዲት አንቀጽ ከመልካም ምኞት ገጾች ትበልጣለች።

ስለዚህ የገንዘብ ሰጪው አስተያየት በጽሑፍ፣ በአራት ዓምድ ሠንጠረዥ ይቅረብ፦ አንቀጽና ገጽ፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲተካው የተፈለገው ቃል፣ ምክንያት። በአዳራሽ የተነገረ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ካልሰፈረ ይጠፋል። ረቂቁን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ መልሱ ማለትም አይሠራም፤ የውጭ ድርጅቶች የዋና መሥሪያ ቤታቸውን ፈቃድ ይጠብቃሉና። በሰኔ መጥራት ደግሞ የፋይናንስ ሠራተኛው ሒሳብ ሲዘጋ ስለሚውል ከሕዝብ ግንኙነት ሰው በቀር የሚመጣ የለም። መምጣት ያለበት ግን የፕሮጀክት ውል የሚፈርመውና ክፍያ የሚለቀው ባለሙያ ነው።

ገንዘብ ሰጪ ምን ያህል ይደመጥ የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንዶች የከፈለ የምርምሩን አጀንዳ ይወስዳል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋቱ መሠረት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ገንዘብ ሰጪ በፕሮፖዛል ጥሪው ቃላት አጀንዳውን ዛሬም እየቀረጸ ነው፤ ፍላጎቱን በስሙ፣ በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል። ተመራማሪ ደጋፊው በተቀመጠበት አዳራሽ በነፃነት ስለማይናገር፣ የተመራማሪዎች ስብሰባ ለብቻው ይቅደም።

ሌላው ጉዳይ ናሙና ነው። የዘረመል ሀብት፣ ለምሳሌ ለምርምር የሚወሰድ የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ናሙና፣ ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በፈቃድ ነው። ደጋፊው ድርጅት በረቂቁ ላይ ሲጽፍ የናሙናው ግማሽና የመረጃው ሙሉ ቅጂ የት እንደሚቀመጥ ይግለጽ። በፎርማሊን የተቀመጠ የጣና ባርበስ ለማየት ከባሕር ዳር ተነሥቶ አውሮፓ መሄድ የለበትም።