«90 ፒፒኤም» ለድሮ ቤት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ደንብ ለሽያጭ በሚቀርብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከ90 ፒፒኤም መብለጥ የለበትም፤ በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ የሚመለከተው በባልዲ የሚሸጠውን አዲስ ቀለም እንጂ ጅማ ውስጥ ከዓመታት በፊት የተቀባውን በርና መስኮት አይደለም። ላዩ በአዲስ ቢሸፈንም ከሥሩ ያለው ንብርብር እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ለላቦራቶሪ የሚወሰደው ናሙና ሁሉንም ንብርብር እስከ እንጨቱ ድረስ መያዝ አለበት። በእጅ የሚያዘው የእርሳስ መመርመሪያ መሣሪያ ውጤቱን በካሬ ሴንቲሜትር ሚሊግራም ካሳየ ደግሞ ከ90 ጋር አታወዳድሩት፤ የመለኪያ አሃዱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው የዘይት ቀለም ነው፤ በተለይ የሚፋተገው የመስኮት ደፍና የበር ጠርዝ። የጅማ ዝናብና እርጥበት ቀለሙን ይልጠዋል፤ ብናኙ ወለል ላይ ይወርዳል፤ የሚድኽ ሕፃን እጁን አፉ ሲከት ይውጠዋል። ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም።

እባካችሁ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ብናኙን ቤቱን ሙሉ ታዳርሱታላችሁ። ላስቲክ አንጥፋችሁ፣ ውሃ እየረጫችሁ ፋቁ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በሥራው ጊዜ ቤት ውስጥ አይኑሩ። ወለሉንም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።