የጥርስ ሳሙናው ላይ ያለው «1450 ፒፒኤም» ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ከሱቅ የምንገዛው የጥርስ ሳሙና ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «1450 ፒፒኤም» የሚል ሊኖር ይችላል። ዋጋም የምርት ቁጥርም አይደለም፤ በአንድ ኪሎ ሳሙና ውስጥ 1450 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን አጠንክሮ እንዳይቦረቦር ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1000 እስከ 1500 ያለውን ይመክራል። እኔም ከማስታወቂያው ይልቅ ይህችን ቁጥር አያለሁ፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነስቶ የጥርስ ሐኪም ፍለጋ መንከራተት ከሳሙናው ዋጋ እጅግ ይከብዳልና።

የወይራ መፋቂያ ጥርስ ያጸዳል፣ ፍሎራይድ ግን አይሰጥም። አትተዉት፤ ሳሙናውን ጨምሩበት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉት እንጂ ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል።